ስቲከሩ ልክ ነው ይላል፤ መሣሪያውስ? ካሊብሬሽንን ከሥሩ ለመሥራት የሚረዳ መመሪያ

አንድ ጊዜ 400 የብረት ዘንጎች ሠርተን አስረከብን። ዲያሜትራቸው 20 ሚሊ ሜትር ነው። የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.02 ብቻ ነበር። እያንዳንዱን በማይክሮሜትር፣ በጣም ጥቃቅን ልዩነት በሚለካው የእጅ መሣሪያ፣ ለክተናል፤ ሁሉም አልፏል። በሳምንቱ ዘንጎቹ ተጭነው ተመለሱ። ደንበኛው ጋ ሲለኩ 20.03 ሆነው ተገኙ።

ማይክሮሜትሩን አነሣሁት። ስቲከሩ ላይ ለሚቀጥለው ካሊብሬሽን ገና አምስት ወር ይቀረዋል ይላል። አፉን በንጹሕ ወረቀት ጠርጌ ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ዜሮ ላይ መቆም ሲገባው ሦስት ክፍፍል አልፎ ወረደ። 0.03 ማለት ነው። በኋላ ስንጠይቅ ከጠረጴዛ ወድቆ ኖሯል። የጣለው ልጅ እቀጣለሁ ብሎ ፈርቶ ዝም አለ።

ያ ስቲከር አልዋሸም። የተናገረው ግን ስላለፈ አንድ ቀን ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ቀንና በዛሬ መካከል ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምንጠብቀው ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንግባባ

ካሊብሬሽን ማለት ማስተካከል አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካሊብሬሽን ማለት መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ከታወቀ ማመሳከሪያ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን መጻፍ ነው። መሣሪያውን ነካክቶ ወደ ልኩ መመለስ ሌላ ሥራ ነው። ለእኛ ሥራ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ መወሰን ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። "ካሊብሬት ተደርጎ መጥቷል" ሲባል ሁሉም ሰው "ልክ ነው" ብሎ ይሰማል። ሰርተፍኬቱን ብትከፍቱት መሣሪያው በ80 ዲግሪ ላይ 1.5 ዲግሪ እንደሚያበዛ በግልጽ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ላቦራቶሪው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። እኛ ወረቀቱን ሳናነብ ፋይል ውስጥ ከተትነው እንጂ።

ደረጃ 1፦ የትኞቹ መሣሪያዎች እንደሚያሳስቧችሁ ለዩ

ፋብሪካውን ዙሩና የሚለካ ነገር ሁሉ መዝግቡ። ጌጅ፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ካሊፐር፣ ቶርክ ቁልፍ፣ ፍሎው ሜትር፣ ሰዓት ቆጣሪ ሳይቀር። ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ስጡ። መሳቢያ ውስጥ የተደበቁትንም አትርሱ። ሠራተኛው ከቤቱ ያመጣው ካሊፐር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህ መሣሪያ ቢሳሳት ምን ይበላሻል?

ወተት ፓስቸራይዝ የሚያደርግ፣ ማለትም ጀርሙን ለመግደል የሚያሞቅ መስመር እንውሰድ። የተለመደው ልክ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ሰከንድ ነው። ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ አብዝቶ ቢያሳይ ወተቱ የሚያልፈው 70 ዲግሪ ላይ ነው። ስክሪኑ 72 ይላል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ወተቱም እንደ ሁልጊዜው ነጭ ነው። የተለየ ነገር የሚያይ ሰው የለም። የሚጠጣው ሰው ግን አደጋ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ቀይ ምልክት አድርጉበትና ከሁሉም አስቀድሙት።

የቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ግን "ለመረጃ ብቻ" ተብሎ ቢለጠፍበት ይበቃል። ሁሉንም እኩል ካሊብሬት እናድርግ ያለ ድርጅት በጀቱ ያልቅና ዋናው መሣሪያ ሲደርስ እጁ ባዶ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል ልክ መሆን እንዳለበት ወስኑ

ይህን ከመሣሪያው ካታሎግ አትጀምሩ፤ ከሥራው ጀምሩ። ዘንጉ የሚፈቅደው ልዩነት 0.02 ከሆነ መለኪያው ቢያንስ አራት እጥፍ የተሻለ ይሁን። ማለትም ከ0.005 የበለጠ ሊሳሳት አይገባም። ይህ አራት ለአንድ የሚባለው ደንብ በሙያው በሰፊው ይሠራበታል። መለኪያውን የሚፈትነው ማመሳከሪያም እንደዚሁ ከመለኪያው አራት እጥፍ የተሻለ ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የዲጂት ብዛት ነው። ዲጂታል ካሊፐር 0.01 ስላሳየ እስከ 0.01 ልክ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ 0.02 ወይም 0.03 ድረስ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አምራቾቹ ራሳቸው ይጽፋሉ።

ሁለተኛው የጌጅ ክላስ ነው። ፊቱ ላይ "ክላስ 1" የተጻፈበት ከ0 እስከ 10 ባር (ባር የግፊት አሃድ ነው) የሚለካ የግፊት ጌጅ የሚፈቀድለት ስህተት ከሙሉ ስኬሉ 1 በመቶ ነው። 0.1 ባር መሆኑ ነው፤ የትም ቦታ ላይ። 10 ባር ላይ ይህ 1 በመቶ ነው። 1 ባር ላይ ግን 10 በመቶ ይሆናል! ስለዚህ የምትሠሩበት ግፊት የስኬሉ መሐል አካባቢ የሚውልበትን ጌጅ ምረጡ። በ1 ባር ለሚሠራ መስመር የ10 ባር ጌጅ መግጠም ገንዘብ አይቆጥብም።

ደረጃ 3፦ ማመሳከሪያውን ከየት እንዳመጣችሁ እወቁ

እናንተ ጋ ያለው የ20 ሚሊ ሜትር ጌጅ ብሎክ፣ ማለትም ርዝመቱ በትክክል የታወቀው ማመሳከሪያ ቁራጭ፣ 20 መሆኑን ማን አረጋገጠ? ላቦራቶሪው። የላቦራቶሪውንስ? የአገሪቱ የሥነ ልክ ተቋም። የእሱስ? መልሱ እየወጣ እየወጣ ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ጋ መድረስ አለበት። በሙያው ትሬሰብሊቲ የምንለው ይህን ሰንሰለት ነው። አንድ ቀለበት ከተቆረጠ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ "እኔ እንደሚመስለኝ" ይሆናል።

ሰንሰለቱ ድንገት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 20 ቀን 1875 አሥራ ሰባት አገሮች ፓሪስ ላይ የሜትር ስምምነትን ፈረሙ። ለረጅም ዘመን ኪሎ ግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር። ዓለም ሁሉ የሚመዝነው ዞሮ ዞሮ በእሱ ነበር። ያ ያበቃው በግንቦት 20 ቀን 2019 ነው። ዛሬ ኪሎ ግራም የተመሠረተው ፕላንክ ኮንስታንት በሚባል የተፈጥሮ ቁጥር ላይ ነው። ሜትር ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ብርሃን በሰከንድ 1/299,792,458 ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ነው። እናንተ ብሎኩን ይዛችሁ ዘንግ ስትለኩ የዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ቀለበት ናችሁ። ይህ ለእኔ ዛሬም ያስደንቀኛል።

በተግባር ላቦራቶሪ ስትመርጡ በአይሶ 17025፣ በላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ዕውቅና ያለው መሆኑን ጠይቁ። ከዚያ የዕውቅናውን ወሰን አንብቡ። በሚዛን ዕውቅና ያለው ላብ በግፊት ላይኖረው ይችላል። ሰርተፍኬቱ ሲመጣ የመሣሪያው ሲሪያል ቁጥር የእናንተ መሆኑን፣ የተለካባቸው ነጥቦች እናንተ የምትሠሩበትን ክልል መሸፈናቸውን፣ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን አንሰርተይንቲ፣ ማለትም ልኬቱ ራሱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር፣ መኖሩን እዩ። "አልፏል" የሚል ቃል ብቻ ከሆነ ቁጥር ጠይቁ። ከፍላችኋል፤ ይገባችኋል።

ደረጃ 4፦ ቦታውን አዘጋጁ

ብረት ሲሞቅ ያድጋል። አንድ ሜትር ብረት በየዲግሪው 0.0115 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። አሉሚኒየም ደግሞ እጥፉን። ስለዚህ ርዝመት የሚለካበት ዓለም አቀፍ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተብሎ ተቆርጧል። ከማሽን ላይ ገና የወረደ፣ 45 ዲግሪ የሞቀ የ200 ሚሊ ሜትር ብረት ወዲያው ብትለኩት ወደ 0.06 የሚጠጋ ትርፍ ታነባላችሁ። ሲበርድ ትርፉ ይጠፋል። ዘንጉና ማይክሮሜትሩ አንድ ክፍል ውስጥ ሰዓት ያህል አብረው ይቆዩ። ብሎኩን በእጃችሁ ጨብጣችሁ አታሙቁት፤ ጓንት ይሻላል።

ሚዛን ሌላ ጠባይ አለው። የመሬት ስበት ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ግማሽ በመቶ ያህል ይለያያል። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን አንድ ቦታ ካሊብሬት ተደርጎ ሌላ ቦታ ቢተከል ያሳስታል። ካሊብሬሽኑ ሚዛኑ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ጠረጴዛው አይነቃነቅ፣ የአየር ማቀዝቀዣ አይንፈስበት፣ የውኃ ልኩ አረፋ መሐል ትግባ።

ደረጃ 5፦ ካሊብሬሽኑን ሥሩ

አንድ የግፊት ጌጅ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ከ0 እስከ 10 ባር ነው፣ ክላስ 1፣ የሚፈቀድለት ስህተት 0.10 ባር። ማመሳከሪያችን ሰርተፍኬት ያለው ዲጂታል ጌጅ ነው፣ ስህተቱ ከ0.025 የማይበልጥ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ጌጁን አትንኩት። ዜሮው ቢዛባም አታስተካክሉት። እንደመጣ መለካት አለበት። ቀድማችሁ ካስተካከላችሁት ባለፈው ዓመት ሙሉ ምን ሲያሳይ እንደኖረ የሚነግራችሁን ብቸኛ ማስረጃ አጠፋችሁ። ይህን ስህተት ጥሩ ቴክኒሻኖች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ በቅንነት፣ ለመርዳት ብለው።

ሁለቱን ጌጆች በአንድ የእጅ ፓምፕ ላይ ግጠሙ፣ በአንድ ከፍታ። ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ 10 ባር አድርሳችሁ መልሱ፤ ስፕሪንጉ ይፍታታል። አየር እንደማያፈስ እዩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ። በየነጥቡ ማመሳከሪያው ላይ ትክክለኛውን ቁጥር አቁሙ፣ የጌጁን መስታወት በጣት ቀስ አድርጋችሁ ምቱ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ አንብቡ። ከጎን ስታዩት መርፌው የተለየ ቁጥር ላይ ይታያል።

እንዲህ ተገኘ እንበል። ስንወጣ፦ በ2 ባር 1.98፣ በ4 ባር 3.94፣ በ6 ባር 5.90፣ በ8 ባር 7.86፣ በ10 ባር 9.84። ስንወርድ፦ በ8 ባር 7.90፣ በ6 ባር 5.94፣ በ4 ባር 3.98፣ በ2 ባር 2.00፣ ባዶ ሲሆን 0።

አሁን ቁጥሮቹን እናንብብ። ስህተቱ እየወጣን ስንሄድ ያድጋል፦ 0.02፣ 0.06፣ 0.10፣ 0.14፣ 0.16። ዜሮው ደህና ነው፤ ስፓኑ ነው የተበላሸው፣ ማለትም ከዜሮ እስከ ጫፍ ያለው አካሄዱ። ስህተቱ በሁሉም ነጥብ እኩል ቢሆን ኖሮ ዜሮው ነው እንል ነበር። ሌላም ነገር አለ። ስንወጣና ስንወርድ ያነበብነው አንድ አይደለም። ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ማርሹ ውስጥ ፍትጊያ አለ። ወደ ላይ ብቻ ለክተን ቢሆን ይህን አናየውም ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን አቅጣጫው ነው። ጌጁ አሳንሶ ያሳያል። ኦፕሬተሩ "8 ላይ ነኝ" ሲል ታንከሩ ውስጥ ያለው ከ8.1 ባር በላይ ነው። ግፊት ባለበት ቦታ አሳንሶ የሚያሳይ መሣሪያ አብዝቶ ከሚያሳየው የበለጠ ያስፈራል።

ደረጃ 6፦ ወስኑ

8 እና 10 ባር ላይ ስህተቱ ከ0.10 በልጧል፤ ጌጁ ወድቋል። 6 ባር ላይስ? ልክ 0.10 ነው፣ ጫፉ ላይ። እዚህ ጋ አንሰርተይንቲ ይመጣል። ልኬታችን ራሱ በ0.03 ሊዋዥቅ ይችላል እንበል፣ በ95 በመቶ እምነት። እንግዲያስ እውነተኛው ስህተት ከ0.07 እስከ 0.13 ያለ የትኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። አልፏል ለማለት አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው የራሱን ወሰን ወደ ውስጥ ይስባል፤ 0.10 ቢፈቀድም 0.07 ሲደርስ ይቆማል።

የወደቀው ጌጅ ሊስተካከል የሚችል ከሆነ አስተካክሉትና በሁሉም ነጥቦች እንደገና ለኩት። ሁለቱንም ውጤት መዝግቡ፣ ከመነካቱ በፊትና በኋላ። የኛው ጌጅ ግን ስንወጣና ስንወርድ የሚለያይ ስለሆነ እኔ ብሆን እለውጠዋለሁ። ስፕሪንግ ደክሞ የተስተካከለ ጌጅ ብዙ አይቆይም።

በነገራችን ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አሃዱን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ሰማይ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። ስሌቱ በኪሎ ግራም መሆን ሲገባው ለፓውንድ የሚሆነው 1.77 የሚል ቁጥር ገባበት። አውሮፕላኑ የሚያስፈልገውን ግማሽ እንኳ አልያዘም ነበር። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሸራትተው አሳረፉትና ሁሉም ተረፉ። በ1999 ደግሞ የማርስ ክላይሜት ኦርቢተር መንኮራኩር ጠፋች፤ አንዱ ቡድን በፓውንድ ሲሠራ ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ተቀበለው። በሁለቱም ታሪክ ያጠፋው ቁጥሩ ሳይሆን ያልተጣራው አሃድ ነው።

ደረጃ 7፦ በሁለት ካሊብሬሽን መካከል ፈትሹ

ዘንጎቻችንን ያስጣለን ይህ ደረጃ አለመኖሩ ነው። ፍተሻው ረጅም አይደለም። ለማይክሮሜትር አንድ ጌጅ ብሎክ፣ ለሚዛን አንድ የታወቀ መመዘኛ፣ ፈረቃ ሲጀመር አንድ ደቂቃ።

ለቴርሞሜትር የበረዶ መታጠቢያ አዘጋጁ። ርካሽ ነው፣ በሚገባ ከተሠራ ደግሞ በጣም ታማኝ። ከተጣራ ውኃ የተሠራ በረዶ ሰባብራችሁ ቴርሞስ ሙሉበት። ከዚያ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ። በረዶው እስከ ታች መድረስ አለበት። ውኃው በዝቶ በረዶው ከላይ ከተንሳፈፈ ከታች ያለው 4 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ውኃ ከሁሉ የሚከብደው እዚያ ሙቀት ላይ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል። አማስሉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የቴርሞሜትሩን ዘንግ መሐል ላይ በደንብ አስገቡት፤ ግድግዳም ታችም አይንካ። ቁጥሩ ሲረጋ 0.0 ማለት አለበት። ቴርሞሜትሩ ፒቲ 100 ሴንሰር፣ ማለትም ሙቀቱን በኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚያሳይ፣ ከሆነ ገመዱን ፈትታችሁ በኦም ሜትር ለኩት። በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም ነው።

በሚፈላ ውኃ ግን አትፈትኑ፣ ከፍታችሁን ካላሰባችሁ በቀር። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ሳያውቅ ደህናውን ቴርሞሜትር "ወደ 100" ያስተካከለ ሰው አለ።

ደረጃ 8፦ የጊዜ ገደቡን ከታሪኩ አውጡ

በአንድ ዓመት ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ፈቀቅ ካላለ አራዝሙ። ከወደቀ አሳጥሩ። የሚርገበገብ፣ የሚሞቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር መሣሪያ ቶሎ ይዛባል።

ደረጃ 9፦ ሲወድቅ ወደ ኋላ ሂዱ

መሣሪያ ወድቆ ሲገኝ ብዙ ቦታ ይስተካከልና ሥራው ይቀጥላል። ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። በዚህ መሣሪያ እስከ ዛሬ የለካነውስ? መጨረሻ ላይ ደህና መሆኑ እስከተረጋገጠበት ቀን ድረስ ተመለሱ። ስህተቱ ምርቱን ከሚፈቀደው አውጥቶት እንደሆነ አስሉ። ካወጣው መጋዘን ያለውን ያዙ፣ ለወጣው ለደንበኛው ደውሉ። ያ ስልክ ከባድ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ሁለት መሣሪያ ሲለያዩም ሥራ አቁሙ። ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመጥቅ ዋናው መስታወቱ ጠርዙ ላይ 2.2 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ያህል ከልኩ በላይ ተፍቆ ነበር። መስታወቱን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊ ሜትር ከቦታው ወጥቶ ተገጥሟል። ሌሎች ሁለት መለኪያዎች ችግር እንዳለ አሳይተው ነበር። ዋናው መሣሪያ ይበልጣል ተብሎ የእነሱ ቃል ወደ ጎን ተተወ። የጥገናው መነጽር የተገጠመው በታኅሣሥ 1993 ነው፣ በጠፈርተኞች እጅ።

ወደ ኋላ የምትመለሱበት መንገድ የሚያጥረው በየቀኑ ፍተሻ ነው። በፍተሻ መዝገባችሁ ላይ "ከእጅ ወይም ከጠረጴዛ ወድቋል?" የሚል አንድ አምድ ጨምሩ። ያንን የሞላ ሰው በፍጹም አይቀጣ። እኛ ከዘንጎቹ በኋላ ይህን አደረግን። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ኦፕሬተር ማይክሮሜትር ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣና "ጣልኩት" አለኝ። ብሎኩ ላይ አስገባነው፤ 19.98 አለ። ጠዋት ሲፈተሽ ልክ ነበር። ከጠዋት ወዲህ የተለኩት ዘንጎች 11 ናቸው። ሌላ ማይክሮሜትር አምጥተን ሁሉንም ደግመን ለካናቸው።